የጀርባ ፈሳሽ በላፕቶፕና በጎማ ቱቦ፦ ከኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ጥያቄው የመጣው ደሴ ውስጥ በማደንዘዣ ሙያ ከሚሠራ ጓደኛዬ ነው። በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች የጀርባ ማደንዘዣ ይሰጣል። መድኃኒቱ ያው ነው። መጠኑም ይቀራረባል። መርፌው የሚገባው በሦስተኛውና በአራተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ነው። ነገር ግን አንዷ ላይ ድንዛዜው እስከ ጡቷ ይወጣል፣ ሌላዋ ላይ እምብርት አካባቢ ይቆማል። ከሚፈለገው በላይ ሲወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ መተንፈስም ይከብዳል። ካነሰ ደግሞ እናትየው ሕመሙ ይሰማታል።

«አንተ ስለ ፈሳሽ ነው የተማርከው፤ እስኪ ያንን መድኃኒት ምን እንደሚያንቀሳቅሰው አሳየኝ» አለኝ።

የእኔ ሥራ የውሃ ፓምፕና የቧንቧ መስመር ነው። ሰውነት ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሞክሬ አላውቅም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። እናቴም እህቶቼም በዚህ መርፌ ወልደዋል ወይም ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ የፈሳሹን እንቅስቃሴ በስሌት የሚያስመስል ሞዴል መሥራት ጀመርኩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ይህ ሞዴል ለማንም ታካሚ መጠን አይወስንም። ያንን የሚወስነው አልጋው አጠገብ የቆመው ባለሙያ ነው። እኔ የምፈልገው ከየትኛው ኃይል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ቁጥሮቹን መሰብሰብ

መድኃኒቱ የሚገባበትን ፈሳሽ ሐኪሞቹ ሲኤስኤፍ ይሉታል። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከብቦ የሚገኝ፣ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይመረታል፣ ያንኑ ያህል ወደ ደም ይመለሳል።

በቧንቧ ዓይን ሳየው 500 ሚሊ ሊትር በቀን ማለት በደቂቃ 0.35 ሚሊ ሊትር ነው። ምንም ማለት አይደለም። በኤምአርአይ የሚታየው እንቅስቃሴ ግን ከዚህ በጣም ይበልጣል። ምክንያቱ ልብ ነው። በእያንዳንዱ ምት ደም ወደ አንጎል ይገባል። የራስ ቅል አይለጠጥም። ስለዚህ ፈሳሹ በአንገት በኩል ወደ አከርካሪው ቦይ ይገፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። የራስ ቅል ውስጥ ያለው ይዘት መጠኑ አይለወጥም የሚለውን ሐሳብ ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783፣ ኬሊ ደግሞ በ1824 አስቀምጠውታል።

ለመጀመሪያው ሞዴል ቀለል ያለ ቅርጽ መረጥኩ። ህብለ ሰረሰሩ 5 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ዘንግ። ውጭው ሽፋን፣ ማለትም ዱራው፣ 8 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ቱቦ። መሀላቸው 3 ሚሊሜትር ክፍተት። የፈሳሹ ቦታ ስፋት 1.2 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ምት 0.6 ሚሊ ሊትር እንዲገባና እንዲወጣ አደረግሁ። የልብ ምት በደቂቃ 60። የፈሳሹ ውፍረት፣ ማለትም ላለመፍሰስ ያለው እምቢታ፣ በ37 ዲግሪ ያለ ውሃ ያህል።

በወረቀት ሲሰላ ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ። አማካይ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 1.5 ሴንቲሜትር ነው። ፈሳሹ በአንድ ምት የሚጓዘው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። ፍሰቱ የተረጋጋ ይሁን የሚናወጥ የሚያሳየው የሬይኖልድስ ቁጥር 130 አካባቢ ነው። እዚህ ምንም ዓይነት ሁከት የለም። የምቱን ፍጥነት ከፈሳሹ ውፍረት ጋር የሚያነጻጽረው የወመርስሌ ቁጥር ደግሞ 9 ነው። ይህ ማለት ፈሳሹን የሚገዛው ከውፍረቱ ይልቅ የራሱ ክብደት ነው። ለመግፋትም ለማቆምም ጊዜ ይወስዳል።

የሚገፋው ግፊት ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። በ10 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ ከ1 ሚሊሜትር የውሃ ከፍታ ብዙም አይበልጥም። እኔ በባር ለመቁጠር የለመድኩ ሰው ነኝ። ይህን ደጋግሜ ነው ያሰላሁት።

ሶፍትዌር፣ ላፕቶፕ፣ መብራት

ኡቡንቱ (ኮምፒውተሩን የሚያስኬደው)፣ ኦፕንፎም (ፍሰቱን የሚያሰላው)፣ ጂሜሽ (ቅርጹን ወደ ትናንሽ ክፍሎች፣ ማለትም ወደ ሜሽ፣ የሚከፍለው)፣ ፓራቪው (ውጤቱን በሥዕል የሚያሳየው) እና ፓይተን (ኮድ የምጽፍበት)። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። የከፈልኩት ለኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። የወረደውም ሌሊት ነው፣ ቀን ላይ መስመሩ አይችለውም። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ነበረው። ያገለገለ ሌላ 8 ጊጋ በ3,500 ብር ጨመርኩ።

መብራት በመሀል ስለሚጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ኮዱ በየአጭር ጊዜው ውጤቱን እንዲያስቀምጥና ከመጨረሻው ከተቀመጠው እንዲቀጥል ማድረግ ነበር። ኦፕንፎም ይህን በአንድ መስመር ይፈቅዳል። ሃርድ ዲስኩ እንዳይሞላ ደግሞ የቆዩትን እያጠፋ እንዲሄድ አዘዝኩት። እዚህ አገር ሲሙሌሽን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከፊዚክሱ በፊት ይህን ያስተካክል።

ሜሹና ማረጋገጫው

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ ሊወስድም ይገባዋል።

ለክብ ቱቦና ዘንግ፣ ወዲያ ወዲህ ለሚል ፍሰት፣ በወረቀት የሚገኝ ትክክለኛ መልስ አለ። ቤሰል ፈንክሽን በሚባል የሒሳብ ቀመር ይጻፋል። በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ የሚሰጠኝን ከዚህ መልስ ጋር ማስተያየት እችላለሁ። ያለዚህ ፓራቪው ላይ የሚታየው የሚያምር ቀለም ምንም ዋስትና የለውም።

መጀመሪያ በ3 ሚሊሜትሩ ክፍተት ላይ 6 ክፍሎች አደረግሁ። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው። ሶልቨሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚፈታው ፕሮግራም፣ ያለ ችግር ሮጠ። መሀል ላይ ያለው ፍጥነት ከወረቀቱ ጋር ተቀራረበ። ግድግዳው አጠገብ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሒሳቡ ተመለስኩ። በዚህ የልብ ምት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀጭን ንብርብር ውፍረቱ 0.47 ሚሊሜትር ነው። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ዋጠው ማለት ነው።

ክፍሎቹን ግድግዳው አካባቢ ወደ 0.05 ሚሊሜትር አሳነስኳቸው፣ መሀሉን ሰፋ አድርጌ ተውኩት። አሁን ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተኙ። አንድ የሚገርም ነገርም ታየ። ግድግዳው ጥግ ያለው ፈሳሽ ከመሀሉ ቀድሞ ነው አቅጣጫውን የሚቀይረው። ከአንድ ምት ስምንተኛውን ያህል ይቀድማል። መሀሉ ገና ወደ ታች እየሄደ ጥጉ ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል። በሻካራው ሜሽ ይህ ጨርሶ አይታይም ነበር።

ሙሉ ክቡን ከመሥራት ይልቅ 5 ዲግሪ ቁራጭ ብቻ መውሰድ ብዙ ራም ያድናል። ቅርጹ ዙሪያውን አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ።

ዘንጉ ወደ ጎን ሲጠጋ

ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ህብለ ሰረሰር መሀል ላይ አይቀመጥም። ደረት አካባቢ ለምሳሌ ወደ ፊት ይጠጋል። ስለዚህ ዘንጉን 2 ሚሊሜትር ወደ ጎን ገፋሁት። በአንዱ በኩል 1 ሚሊሜትር፣ በሌላው 5 ሚሊሜትር ክፍተት ቀረ። ቁራጩ አልጠቀመም፣ ግማሹን ክብ መሥራት ግድ ሆነ። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ።

ከቧንቧ ልምዴ የጠበቅሁት ጠባቡ በኩል ፈሳሹ እንደቆመ እንዲቀር ነበር። ያለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚፈስ ውሃ 5 እጥፍ የጠበበ ክፍተት ፍጥነቱ በ25 እጥፍ ያንሳል። እዚህ የቀነሰው በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ፈሳሹም ግድግዳው እስኪይዘው ድረስ ጊዜ ሳያገኝ ይመለሳል። ልዩነቱ የታየው በሰዓቱ ላይ ነው። ጠባቡ ከሰፊው ቀድሞ ይገለበጣል።

ለጓደኛዬ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። «አብሽር፣ ጥሩ ነው፤ ግን መድኃኒቱስ?» አለኝ። ልክ ነው። እስካሁን መድኃኒት የሚባል ነገር ሞዴሉ ውስጥ የለም።

የተዘጋው ጫፍ

ቀጥሎ ሙሉውን ርዝመት፣ 60 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከላይ ክፍት ከታች ዝግ አድርጌ አስኬድኩ። ሶልቨሩ ገና ሳይጀምር ቆመ። መውጫ የሌለው ፈሳሽ ሊገባ አይችልም ነው የሚለው። እውነት ነው። ግድግዳው ድርቅ ያለ ከሆነ፣ ፈሳሹም የማይጨመቅ ከሆነ፣ ከታች በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አንድ ጠብታ አትገባም።

ሰውነት ውስጥ ግን ይገባል። ምክንያቱም ዱራው ይለጠጣል። ከዱራው ውጭ ስብና ደም መላሽ ሥሮች አሉ፣ እነሱም ቦታ ይለቃሉ። ይህ ከሌለ ሞዴሉ አከርካሪ አይደለም። ሦስት አቅጣጫ ያለውን ለጊዜው ትቼ በፓይተን አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ሞዴል ጻፍኩ። የግፊቱ ሞገድ በሰከንድ 5 ሜትር እንዲጓዝ አድርጌ የግድግዳውን ልስላሴ ከዚያ አወጣሁ።

ውጤቱ ለጥያቄው ዋናውን ፍንጭ ሰጠኝ። እንቅስቃሴው አንገት ላይ ሙሉ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ እያነሰ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ዜሮ ነው። ከታችኛው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ማለትም መርፌው በሚገባበት አካባቢ፣ የቀረው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። በሰከንድ ሩብ ሴንቲሜትር። ልብ መድኃኒቱን ወገብ ላይ የሚያናውጠው በጣም በትንሹ ነው።

ጠረጴዛ ላይ

ስክሪን ብቻ ማየት ሰለቸኝ። በእጅ የሚነካ ነገር ፈለግሁ።

ባለ አንድ ኢንች ግልጽ ጎማ ቱቦ ገዛሁ፣ ግንበኞች የውሃ ልክ የሚያወጡበት ዓይነት። ለውስጡ 18 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ዘንግ ያስፈልገኛል። ክፍተቱ 3.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ ከሰውነት ፈሳሹ ትንሽ ስለሚወፍር በዚህ ክፍተት የወመርስሌ ቁጥሩ 9 ላይ ይቆያል። ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ጋሼ ዘንጉን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ፕላስቲክ ሲሞቅ ያብጣል፤ 18 የምትለው ሲበርድ ነው ሲሞቅ?» አሉኝ። በቀስታ ቆርጠው፣ አስቀምጠው አቀዝቅዘው፣ እንደገና ለኩልኝ። 400 ብር ተቀበሉኝ። ከጠበቅሁት በላይ ቀጥ ያለ ነው።

ፓምፑ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ የዋይፐር ሞተር ነው። በፈጣኑ ማርሽ በደቂቃ 60 አካባቢ ይዞራል፣ እንደ ልብ። ጫፉ ላይ ከመሀሉ 3 ሚሊሜትር የራቀ ፒን አስበየድኩና የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፒስተን አገናኘሁበት። ኃይሉ ከባጃጅ ባትሪ። ከታች ቱቦውን በቡሽ ዘግቼ በፋሼታ ሳጠብቀው ላፕቶፑ ያለኝን በዓይኔ አየሁት። ፒስተኑ ነካ ነካ አድርጎ ሞተሩ ቆመ። በመጨረሻ ቡሹ ተፈንጥሮ ወለሉ ራሰ። ቡሹን ትቼ የሐኪም ጓንት ጫፉ ላይ አሰርኩ። ጓንቱ በየምቱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ፈሳሹም ተንቀሳቀሰ።

ቀለሙን ለማስገባት ቱቦውን በመርፌ መብሳት ያስፈልጋል፣ ሲበሳ ደግሞ ያፈሳል። ሱፐር ግሉ አልያዘም። መፍትሔው ከጎሚስታ የመጣ የጎማ ፓች ነው። መርፌው በፓቹ በኩል ይገባል፣ ሲወጣ ራሱ ይዘጋል።

በመጀመሪያ ቀለሙን በራሱ በቱቦው ውሃ በጥብጬ አስገባሁ። ሞተሩ ካልሠራ ቀለሙ ባለበት ይቀመጣል። ሲሠራ ወደ ላይና ወደ ታች እየተሳበ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ትናንሽ ሞለኪውሎች በራሳቸው ብቻ 10 ሴንቲሜትር ለመሄድ ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል፣ ስለዚህ መንቀጥቀጡ ከምንም ይሻላል። ግን ድንዛዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህ ብቻውን አይበቃም።

የመድኃኒቱ ክብደት

ለቀዶ ወሊድ በብዛት የሚወጋው ሄቪ ቡፒቫኬይን ነው። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 80 ሚሊግራም ግሉኮስ ተጨምሮበታል። በዚህ ምክንያት ከሲኤስኤፍ በ2 በመቶ ያህል ይከብዳል። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ሲሰላ ግን በ3 ሚሊሜትር ክፍተት ውስጥ መድኃኒቱን በሰከንድ 2.4 ሴንቲሜትር ያህል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ወገብ ላይ ልብ የሚሰጠው ሩብ ሴንቲሜትር ነው። አሥር እጥፍ ገደማ ልዩነት።

ጠረጴዛው ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ግራም ያህል ስኳር ቀለም ጨምሬ በጠበጥኩ። ክብደቱ ወደ 2 በመቶው ይጠጋል። ቱቦው ተጋድሞ ሲገባ ወዲያው ወደ ወለሉ ወረደና በቀጭኑ ተሳበ። አንዱን ጫፍ በጡብ ከፍ ሳደርግ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የቱቦውን ግማሽ ሄደ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ጉዞው ብዙም አልተለወጠም።

በኦፕንፎም ላይ ይህን ለመሥራት ለሙቀት የተዘጋጀውን፣ ትንሽ የክብደት ልዩነት ፈሳሽን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚያሰላውን የቡሲኔስክ ሶልቨር ተጠቀምኩ። ሙቀት በሚለው ቦታ የመድኃኒቱን መጠን አስገባሁ፣ የክብደቱን ልዩነት 0.02 አደረግሁ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ስርጭቱን ዜሮ አድርጌ ሳስኬደው ያው ደበዘዘ። ስለዚህ የሚያደበዝዘው ፊዚክሱ ሳይሆን ስሌቱ ነው። አፕዊንድ የሚባለውን አንደኛ ደረጃ የስሌት ዘዴ በሁለተኛ ደረጃ ቀየርኩ፣ ሜሹንም አጠበብኩ። ጠርዙ ተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠራም። ስለዚህ ከዚህ ሞዴል የምወስደው የመድኃኒቱ የፊት ጫፍ የት እንደደረሰ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለውን የመድኃኒት መጠን አላምነውም።

ኩርባው

ቀጥ ያለ ቱቦ ሰው አይደለም። በጀርባ ሲተኛ ሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ከፍ ይላል። ከዚያ ወደ አንዱ በኩል ወደ ዳሌ፣ ወደ ሌላው በኩል ወደ ደረት ይወርዳል። የደረቱ ዝቅተኛ ቦታ አምስተኛውና ስድስተኛው የደረት አከርካሪ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከሸንተረሩ ጫፍ አጠገብ ነው። በወሎ ደጋ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ አባይ፣ ግማሹ በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ እንደሚሄድ ነው መድኃኒቱም። ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ድርሻውን ይቀይረዋል።

ቱቦውን በላስቲክ ጠርሙስ ላይ አጎበጥኩትና ስኳሩን ከጉብታው ላይ ለቀቅሁ። ለሁለት ተከፈለ። መርፌውን ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ሳደርገው አብዛኛው ወደ አንድ ወገን ሄደ። ላፕቶፑም ያንኑ አለ።

ጓደኛዬ ቅዳሜ ወርዶ አየው። ዝም ብሎ ብዙ አስኬደው። «ጉልበቷን እንድታጥፍ ስናደርጋት ወገቧ ቀጥ ይላል፤ ጉብታው ይጠፋል ማለት ነው» አለ። ጠርሙሱን ባነሰ ቀየርን። ስኳሩ ሳይወርድ ጉብታው ላይ ቆየ። ከዚያ እርጉዝ ሴት ላይ በዱራው ዙሪያ ያሉት ደም መላሽ ሥሮች ስለሚያብጡ የፈሳሹ ቦታ እንደሚጠብ ነገረኝ። የውጭውን ራዲየስ ከ8 ወደ 7.5 ሚሊሜትር ባወርደው ቦታው በ20 በመቶ ያንሳል። 2 ሚሊ ሊትር መድኃኒት 16 ሚሊሜትር ይይዝ የነበረው 20 ሚሊሜትር ይይዛል። ግማሽ ሚሊሜትር ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ሁለታችንንም አስደነቀን። እናት ከእናት የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ቦታውና ኩርባው እንጂ የልብ ምቱ አይደለም።

ልብ ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። ቦዩ ሲጠብና ሲሰፋ ፈሳሹ በየምቱ በትክክል ወደነበረበት አይመለስም፤ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። አንገት አካባቢ ይህ በሰከንድ እስከ 0.4 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ወገብ ላይ ከዚያ በጣም ያንሳል። ከፈሳሹ ለማይከብድ መድኃኒት፣ ለብዙ ሰዓት ሲታሰብ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ሞዴል ይፈልጋል።

ቀጥሎ

እስካሁን የሌለው የነርቭ ሥሮቹ ናቸው። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው የወገብ አንደኛና ሁለተኛ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ዘንግ የለም፣ እንደ ፈረስ ጭራ የተንዘረፈፉ ነርቮች ናቸው ያሉት። መርፌው የሚገባውም እነሱ መሀል ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከታች 15 ሴንቲሜትር አሳጥሬ በቦታው የናይሎን ክር ጥቅል አስራለሁ። ቶርኖ ቤት ተመልሶ ሄዷል። ክሩን ጓደኛዬ ከደሴ ሰኞ ገበያ ይዞ ይመጣል። ላፕቶፑ ላይ እያንዳንዱን ክር መሥራት አይቻልም፣ ስለዚህ ቦታውን እንደ ስፖንጅ በሚቆጥር ፎርሙላ እተካዋለሁ። የስፖንጁን ቁጥር የምወስደው ከቱቦው ነው። ክሩ ሲገባ መጀመሪያ የምለካው የስኳሩ ጅረት ያለ ክር ከነበረው ምን ያህል እንደሚዘገይ ነው።